ጥቂት ጥቂት እያሉ ማሰናበት

ከሐይቅ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር የአባቱን የመስኖ ማሳ የሚኮተኩት አንድ ወጣት አግኝቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራበት ፋብሪካ ነው ያሰናበተው። «ሦስተኛው ዙር ላይ እኔም ደረሰኝ። በመጀመሪያው ጥሬ ዕቃ ጠፋ አሉ፣ በሁለተኛው የውጭ ምንዛሪ፣ በሦስተኛው የነገረን የለም። ሥራ አስኪያጆቹ ግን እነዚያው ናቸው» አለኝ።

በእርግጥ ምክንያት ሁሉ ሰበብ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተማይቱ ድረስ ሲደርስ አብሮ ተጎድቷል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ በአጎዋ ስትሰጥ የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ለኢትዮጵያ ከለከለች። ይህን የትኛውም ሥራ አስኪያጅ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው። አመራሩ ባጠፋው ጥፋትስ የሚሰናበተው ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የምርት ተፈላጊነት መቀነስን ለቅነሳ በቂ ምክንያት አድርጎ ይቀበላል። ተፈላጊነቱ በማን ስንፍና እንደ ቀነሰ ግን አይጠይቅም። ይህ የሕጉ ድካም ነው እላለሁ። ሆኖም አሠሪው ለብቻው ቆርጦ እንዲያሰናብት አልፈቀደለትም፤ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮች ጋር እንዲመክር፣ ችሎታና የላቀ የሥራ ውጤት ያለውን እንዲያስቀድም ያዘዋል። እኛ ሹራ የምንለው ነገር እዚህ ግዴታ ሆኖ ተጽፏል። በአሠሪው ቸርነት የሚሰጥ አይደለም።

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ቁጥሩን ነው። በሕጉ «ቅነሳ» የሚባለው ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶውን ሲነካ ነው (ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ላለው ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው)። እንግዲህ 300 ሠራተኛ ያለው ድርጅት በመስከረም 25፣ በጥር 25፣ በግንቦት 24 ሰው ቢያሰናብት እያንዳንዱ ዙር ከመስፈርቱ በታች ነው። በዓመቱ መጨረሻ ግን ከሠራተኛው ሩብ ያህሉ የለም! ምክክርም አልተደረገ፣ ቅደም ተከተልም አልተጠበቀ። የቀረውም ቢሆን መቼ ይደርሰኝ ይሆን እያለ እጁ ለሥራ አይታዘዝለትም፤ ምርቱም ይበልጥ ይወርዳል፤ ለሚቀጥለው ዙርም ሌላ ምክንያት ይገኛል።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ለጡረታ ያልደረሰ ተቀናሽ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን ሲሶ ያገኛል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ዘጠኝ ዓመት ላገለገለው ወጣት 110 ቀን ይመጣል። ስንብቱ በሕግ «ቅነሳ» ከተባለ 60 ቀን ይጨመርለታልና 170 ይሆናል። ጥቂት ጥቂት እያሉ ማሰናበት በዚህ 60 ቀን ላይ ክርክር ያስነሣል። ስለዚህ ማኅበሩ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የተሰናበተውን ሰው ብዛትና ቀኑን መዝግቦ ቢይዝ፣ ዙሮቹ አንድ ውሳኔ መሆናቸውን ለማስረዳት ይረዳዋል።

ለወጣቱ ይህንኑ ነገርኩት። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር፣ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። እርሱ ከተሰናበተ አምስተኛ ወሩ ነበር። የመጀመሪያው አልፎታል። ለሁለተኛው አንድ ወር ቀርቶት ስለ ነበር፣ መኮትኮቻውን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ የስንብት ደብዳቤውን ሊፈልግ ወደ ቤት ገባ።