ከማኒላ ባሕረ ሰላጤ ላይ ምድርን መለካት፤ የአንዲት ጀምበርና የሁለት ሰከንዶች ነገር

የፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ የተቆረቆረችው ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራ ነው። ከፊት ለፊቷ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ባሕረ ሰላጤ ተንጣሏል። የባሕረ ሰላጤው በር ወደ ደቡብ ቻይና ባሕር የሚከፈት ሲሆን በበሩ መካከል ኮሬጊዶር የምትባል ትንሽ ደሴት ትገኛለች። ከተማዋ በምሥራቅ፣ ውኃው በምዕራብ በመሆናቸው ነዋሪውም እንግዳውም ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት ማምሻውን ወደ ዳርቻው ይወጣል። ገንዘብ ከፍሎ በጀልባ የሚሳፈረውም ብዙ ነው።

እኔም እ.ኤ.አ. በ2019 በማርች ወር ለአንድ የፊዚክስ መምህራን ዐውደ ጥናት ወደዚያች ከተማ ሄጄ በነበረበት ጊዜ፣ ከናይሮቢ ከመጣ ባልደረባዬ ጋር ከነዚሁ ጀልባዎች በአንዱ ተሳፈርሁ። ሌላው ተሳፋሪ ካሜራ ይዟል፤ እኛ ሁለት ስቶፕዎችና አንድ የሜትር ገመድ ይዘናል። ከአዲስ አበባ ከመነሣቴ በፊት ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎቼ ቃል ገብቼ ነበር፤ «የምድርን ሬዲየስ በጀልባ ላይ ለክቼ ውጤቱን ይዤላችሁ እመለሳለሁ» ብዬ። ይዤ የተመለስሁት ውጤት ግን ያሰብሁት አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ውጤት ነው።

ፀሐይ በሐሩር ክልል ለምን ትቸኩላለች?

የዶክትሬት ትምህርቴን በስዊድን ስከታተል ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ የምሽቱ ርዝመት ነበር። ፀሐይዋ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ አልሄድም ብሎ ይቆያል። በአገራችን ግን «ጀምበር ሳትጠልቅ ግባ» የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጀምበር ከጠለቀች ጨለማው ወዲያው ይከተላል። በማኒላም እንዲሁ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ስለምትዞር ፀሐይ በሰማይ ላይ በሰዓት 15 ዲግሪ የምትጓዝ ትመስላለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ የፀሐይ ጎዳና ከአድማስ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ90 ዲግሪ ላይ የቦታው ኬክሮስ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ማኒላ በ14.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ በ75 ዲግሪ ገደማ ቁልቁል ትወርዳለች። ስቶክሆልም ግን በ59.3 ዲግሪ ላይ ናት፤ እዚያ ማዕዘኑ 31 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በአንዱ ቦታ ፀሐይ እንደ ተጣለ ድንጋይ ስትወድቅ በሌላው እንደ ዳገት መንገድ ዞር ብላ ትወርዳለች።

የፀሐይ ክብ በሰማይ ላይ 32 የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ስፋት አለው። የክቡ የታች ጠርዝ አድማሱን ከነካበት ጊዜ ጀምሮ የላይኛው ጠርዝ እስኪሰወር ድረስ በማኒላ 2 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ገደማ፣ በስቶክሆልም 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ያለ መብራት ማንበብ የሚቻልበት ድንግዝግዝታም በማኒላ 21 ደቂቃ ያህል ሲቆይ በስቶክሆልም ወደ 40 ደቂቃ ይደርሳል።

የምናየው ምስልና የምናየው ቀለም

ከባቢ አየር ወደ ምድር በቀረበ መጠን እየጠነከረ ስለሚሄድ የብርሃንን ጎዳና ያጎብጣል፤ ይህ የብርሃን ስብረት ይባላል። በአድማስ ላይ የስብረቱ መጠን 34 የማዕዘን ደቂቃ ያህል ነው። የፀሐይ ክብ ስፋት ደግሞ 32 ደቂቃ መሆኑን ልብ ይበሉ። ስለዚህ ፀሐይ አድማሱን መንካት ስትጀምር በእውነተኛ ቦታዋ ሙሉ በሙሉ ከአድማስ በታች ወርዳለች ማለት ይቻላል። በጀልባው ላይ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ከጀርባው ያለችው ፀሐይ አየሩ አንሥቶ ያሳየው ምስል ናት።

ቀለሙም የአየሩ ሥራ ነው። ብርሃን በአየር ሞለኪውሎች የሚበተነው ከሞገድ ርዝመቱ አራተኛ ኃይል ጋር በተገላቢጦሽ ነው። የሰማያዊ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 450፣ የቀይ ብርሃን ደግሞ 650 ናኖሜትር ነው ብንል፣ ሰማያዊው ከቀዩ ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። በአድማስ ላይ ያለች ፀሐይ ብርሃኗ የሚያቋርጠው አየር ከራስ በላይ በሆነች ጊዜ ከሚያቋርጠው 38 ጊዜ ያህል ስለሚበልጥ፣ ሰማያዊው በመንገድ ቀርቶ ቀዩ ይደርሰናል። የማኒላ ሰዎች ይህን በተለየ ሁኔታ ያዩበት ጊዜ አለ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የፒናቱቦ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በጁን 1991 ሲፈነዳ የተረጨው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በላይኛው ከባቢ አየር ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ጠብታዎች ተለወጠ። ጠብታዎቹም ዓለምን ዙረው በብዙ አገሮች የምሽቱን ሰማይ አቀሉት፤ የምድርንም አማካይ ሙቀት በተከታዩ ዓመት በግማሽ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ዝቅ አደረጉት።

የሙከራው ሐሳብ

አሁን ወደ ስቶፕዎቾቹ እንመለስ። ምድር ክብ በመሆኗ ከፍ ብሎ የቆመ ሰው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠው ይልቅ ሩቅ ያያል። የፓይታጎረስን ሕግ ተጠቅመን ብናሰላ፣ ዓይኑ ከውኃው በ1 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው አድማሱ 3.6 ኪሎ ሜትር፣ ዓይኑ በ9 ሜትር ላይ ያለ ሰው አድማሱ 10.7 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አድማሱ የራቀው ሰው ወደ ታች አዘንብሎ ስለሚያይ ፀሐይዋ ዘግይታ ትጠልቅበታለች። በሁለቱ መካከል ያለው የማዕዘን ልዩነት 3.8 የማዕዘን ደቂቃ ነው፤ ፀሐይ ይህን ያህል ለመውረድ በማኒላ 16 ሰከንድ ይፈጅባታል። በጀልባው ታችኛ ወለል ላይ ጀምበር የጠለቀችበት ሰው በቅጽበት ወደ ላይኛው ወለል ቢወጣ ጀምበሯን እንደገና ያያታል ማለት ነው።

ነገሩን ስንገለብጠው ልኬት ይሆናል። የጊዜውን ልዩነት ካወቅን የምድርን ሬዲየስ እናገኛለን፤

የምድር ሬዲየስ = 2 × (√የላይኛው ከፍታ − √የታችኛው ከፍታ)² ÷ (ፀሐይ የምትወርድበት ፍጥነት × የጊዜ ልዩነት)²

በማኒላ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን፣ ፀሐይ የምትወርድበት ፍጥነት በሰከንድ 0.0000704 ራዲያን ነው። ለ1 እና ለ9 ሜትር የቀመሩ ላዕላይ ክፍል 8 ሜትር ይሆናል። 16 ሰከንድ ብናስገባ 6,300 ኪሎ ሜትር ያህል እናገኛለን፤ ትክክለኛው አማካይ 6,371 ነው። የሐሳቡ ሥር ጥንታዊ ነው። አል ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዛሬ ፓኪስታን በሆነው አገር፣ በናንዳና ከተራራ ላይ ሆኖ አድማሱ ምን ያህል እንደሚያዘነብል በመለካት የምድርን ሬዲየስ አስልቷል። እኛ ማዕዘኑን በጊዜ ተክተን ለመለካት ነበር የተነሣነው።

ሁለት ሰከንድ

ጀልባችን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣች። የዕለቱ ሠንጠረዥ ፀሐይ በ12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ እንደምትጠልቅ ያሳያል። ከፍታዎቹን በሜትር ገመድ ለካን፤ ሁለቱን ስቶፕዎች በአንድ ጊዜ አስነሣን። ባልደረባዬ ወደ ላይኛው ወለል ወጣ፤ እኔ ከታችኛው ወለል ጫፍ ላይ ዓይኔ ከውኃው 1 ሜትር እንዲሆን ዝቅ ብዬ ተቀመጥሁ። ምዕራቡን ግራጫ ብናኝ ሸፍኖታል። ፀሐይዋ ቀልታ ወረደች፤ የመጨረሻዋ ነጥብ ስትሰወር ቁልፉን ተጫንሁ። ባልደረባዬም ሲወርድ ሰዓቶቹን አስተያየን። ልዩነቱ 2 ሰከንድ ብቻ ነበር።

በማስታወሻ ደብተሬ ላይ አሰላሁት፤ 404,000 ኪሎ ሜትር ወጣ። ጨረቃ ከምድር ማዕከል 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በኔ ልኬት መሠረት ጨረቃ በምድር ሆድ ውስጥ ትዞራለች ማለት ነው!

እዚህ ላይ የተሰማኝን ሳልሸሽግ ልናገር። መጀመሪያ የተጠራጠርሁት ባልደረባዬን ነበር፤ ቁልፉን ቀድሞ ተጭኖ ይሆናል አልሁ። እሱም እኔን ተጠራጠረ። ከዚያም አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ «16 ሰከንድ መሆን እንዳለበት አውቃለሁ፤ 15 ብዬ ብጽፍ ማን ያውቃል? ተማሪዎቹም ይደሰታሉ።» እርሳሱ በእጄ ነበር።

ያዳነኝ ገመድ ይጠቀልል የነበረ ወጣት የጀልባው ሠራተኛ ነው። ሥዕሎቻችንን አይቶ ምን እንደምንሠራ ጠየቀ፤ ነገርነው። ፈገግ ብሎ፣ «ሰር፣ ያ ያዩት ባሕር አይደለም፤ የባታን ተራራ ነው። በዚህ ወር ፀሐይ የምትገባው ከተራራው ኋላ ነው። በባሕሩ በር በኩል የምትገባው ከገና በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት ነው» አለን።

ስሕተቱ ራሱ ሲመሰክር

ወጣቱ ትክክል ነበር። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የባታን ልሳነ ምድር አለ፤ በላዩም ወደ 1,400 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው የማሪቬሌስ ተራራ ቆሟል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ፀሐይ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ትጠልቃለች፤ ተራራውም ከማኒላ በስተ ምዕራብ ነው። ብናኙ ተራራውን ከሰማዩ ጋር አንድ ስላደረገብን የተራራውን ጫፍ አድማስ ነው ብለን ወሰድነው።

ተራራው ከእኛ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የምድርን ጉብጠት ቀንሰን ስናሰላ፣ ጫፉ ከአድማስ በላይ በ1.2 ዲግሪ ገደማ ይታያል። ፀሐይ ይህን ለመውረድ 5 ደቂቃ ይፈጅባታል። ማስታወሻዬን ስመለከት ፀሐይዋ የተሰወረችብኝ በ12 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ ነበር! ማስረጃው አስቀድሞ በእጄ ላይ ሳለ አላነበብሁትም። ሁለተኛውም ምስክር ይስማማል። በ55 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለን ጫፍ የሚመለከት ሰው 8 ሜትር ከፍ ቢል፣ የእይታው መስመር የሚለወጠው 8ን ለ55,000 በማካፈል በሚገኘው በ0.000145 ራዲያን ብቻ ነው። ይህን በፀሐይዋ ፍጥነት ስናካፍል 2 ሰከንድ ይሆናል። ስቶፕዎቾቹ አልተሳሳቱም፤ ባልደረባዬም አልተሳሳተም። የለካነው የምድርን ሬዲየስ ሳይሆን የተራራውን ርቀት ነበር። 15 ብዬ ጽፌ ቢሆን ኖሮ ተራራውን ከደብተሬ ላይ በፋቅሁት ነበር።

ለተማሪዎቼም ያቀረብሁላቸው ይህችኑ 2 ሰከንድ ነው። ሰዓቱን፣ ከፍታውንና የተሳሳተውን ውጤት በሰሌዳው ላይ ጽፌ «ምን ሆኖ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ከመምህሩ ሳይሆን ከ12 ሰዓት ከ2 ደቂቃዋ ተነሥቶ በተማሪዎቹ መካከል ተገኘ።

ሙከራውን ለሚሞክሩ

ይህን ሙከራ በማንኛውም ሰፊ ውኃ ላይ መሥራት ይቻላል። በጣና ሐይቅ ላይ ለመሞከር የሚያስብ ተማሪ አስቀድሞ ቀን በብርሃን አድማሱን ይመርምር፤ ከማዶ ኮረብታ ካለ ሙከራው የሚለካው ኮረብታውን ነው። የሰዓት ስሕተት ብርቱ ዋጋ አለው፤ ጊዜው በቀመሩ ውስጥ በካሬ ስለሚገባ፣ ከ16 ሰከንድ ላይ የ1 ሰከንድ ስሕተት ውጤቱን በ12 በመቶ ገደማ ያዛባል። የብርሃን ስብረትም አድማሱን ስለሚያነሣ፣ በጥንቃቄ የተሠራ ልኬት እንኳ ሬዲየሱን አንድ ስድስተኛ ያህል አብዝቶ ሊያሳይ ይችላል። ከሁሉ በላይ ዓይንን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ፀሐይን በባይኖኩላር ፈጽሞ አይመልከቱ፤ በባዶ ዓይንም ቢሆን ደብዝዛ የመጨረሻው ጠርዟ ብቻ እስኪቀር ድረስ ትክ ብለው አይዩአት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ትገኛለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሆኑበት ዕለት የፀሐይ ክብ አድማስን ነክቶ እስኪሰወር ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

2. በማኒላው ሙከራ የጊዜው ልዩነት 15 ሰከንድ ቢሆን ኖሮ የምድር ሬዲየስ ስንት ይወጣ ነበር? ከትክክለኛው ጋር ያለውን ልዩነት የብርሃን ስብረት ያስረዳዋልን?

3. ከማዶ ያለው ኮረብታ 20 ኪሎ ሜትር ቢርቅና የሁለቱ ተመልካቾች የከፍታ ልዩነት 8 ሜትር ቢሆን፣ የጊዜው ልዩነት ስንት ሰከንድ ይሆናል? ውጤቱን አይተው ኮረብታ መኖሩን በምን ያውቃሉ?