ትምህርት ወደ ተማሪው ደጅ ስለ መምጣቱ

በኢትዮጵያ በቀድሞው ሥርዓት ዕውቀትን የሚሻ ሰው መምህር ወዳለበት ይሄድ ነበር እንጂ መምህር ወደ እርሱ አይመጣም ነበር። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ከአባት ከእናቱ ተለይቶ ወደ ሩቅ አገር ይወርዳል፤ ቁራሽ እየለመነ፥ ከውሻ ጋራ እየታገለ ይማራል። ይህ ድካም ብዙ ሊቃውንትን አፍርቷልና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መሄድ ያልተቻላቸው፥ ይኸውም ሴት ልጅ፥ አካሉ የደከመ፥ ቤተ ሰቡን የሚመግብ ገበሬና ዕድሜው የገፋ ሽማግሌ፥ ልባቸው ብሩህ ሆኖ ሳለ ከትምህርት ደጅ ውጭ ቀሩ። በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው እንደ እነዚህ ላሉ ሰዎች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የመምህሩ ድምፅ፥ መልክና ጽሕፈት በመሣሪያ ተቀርጾ ወደ ቍጥር ይለወጣል፤ ያም ቍጥር በሽቦና በአየር ሞገድ ተጕዞ በተማሪው ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ላይ እንደ ገና ድምፅና ሥዕል ሆኖ ይገለጣል። ተማሪውም የቀረበለትን ጥያቄ ሠርቶ ይልካል፤ ታርሞም ይመለስለታል።

ይህ ነገር በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አይዛክ ፒትማን የሚባል መምህር ፈጣን ጽሕፈትን በፖስታ ያስተምር ጀመር፤ ተማሪዎቹ የጻፉትን ይልኩለታል፥ እርሱም እያረመ ይመልስላቸዋል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከተስፋፉ በኋላም በዚያው አገር በ1969 ዓ.ም. ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ፤ በ1971 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። ይህ ትምህርት ቤት ገቢውን ሁሉ የቀድሞ የምስክር ወረቀት ስላልጠየቀ፥ የፋብሪካ ሠራተኛውም የቤት እመቤቷም ሥራቸውን ሳይተዉ ተማሩበት።

ለልጆች ያለው ጥቅም በሌላ ምሳሌ ይታያል። በ2004 ዓ.ም. በአሜሪካ ሳልማን ካን የሚባል ሰው በሌላ ከተማ ለምትኖር ለአንዲት ታናሽ ዘመዱ በስልክና በኢንተርኔት ሒሳብ ያስረዳት ነበር። የሚማሩት ዘመዶቹ በበዙ ጊዜ ትምህርቱን በተንቀሳቃሽ ሥዕል እየቀረጸ ለሁሉ ገልጦ አኖረው። ያለ ዋጋ የሚያስተምረው ካን አካዳሚ ከዚህ ተነሣ። ዘመዶቹም በአካል ከሚያስረዳቸው ይልቅ የተቀረጸውን መረጡ። ስለ ምን ቢሉ፥ ያልገባቸውን ቃል አቁመው ሦስት ጊዜ፥ ዐሥር ጊዜ ቢደግሙት የሚሰለች መምህር፥ የሚስቅ ባልንጀራ የለምና።

ሽማግሌዎች ግን፦ ትምህርት የልጅ ነው፥ የእኛ ጊዜ አልፏል፥ ይላሉ። ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ትምህርቱን በወጣትነቱ ጀምሮ አልፈጸመውም ነበር፤ በእስር ቤት ሳለ ከሩቅ ሆኖ በደብዳቤ ይማር ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. ዕድሜው ሰባ ዓመት ከሞላ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ዲግሪ ሰጠው። የወኅኒ ግንብ ያልከለከለውን ትምህርት ሽበት ሊከለክለው አይገባም።

ይሁን እንጂ ጥቅሙን ብቻ ተናግሮ ጉድለቱን መሸሸግ ማስተማር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር በመጋቢት ወር፥ በኮሮና በሽታ ምክንያት የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ትምህርቱ በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት እንዲሰጥ ተሞከረ። ነገር ግን መብራት በሌለበት፥ የስልክ ሞገድ በማይደርስበት መንደር ያለ ልጅ እንደ ከተማው ልጅ ሊማር አልቻለም። ስለዚህ መሣሪያው ለአንዱ በር ሲሆን ለሌላው ግድግዳ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ደግሞም በኢንተርኔት የተጻፈ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ስንዴው ከእንክርዳዱ ጋራ ተደባልቆ ይገኛል። ይህን አበጥሮ መለየት ገና ለልጅ አይቻለውም።

የመንደር መምህር ሥራም በዚህ ይታወቃል። መሣሪያው መጣ ተብሎ መምህር አይሰናበትም፤ ይልቁንም የአስቀጻይነት ሥራው ይበዛለታል። በመንደሩ አንድ ስልክ ብቻ ቢኖር፥ መምህሩ ወደ ገበያ ከተማ በወረደ ጊዜ ትምህርቱን በስልኩ ላይ ጭኖ ይመለስ፤ ልጆቹንም ከቀን፥ ገበሬዎቹንና እናቶቹን ከማታ ሰብስቦ ያሰማቸው። ጥቂት ካሰማ በኋላ ያቁም፤ አንዱን፦ የሰማኸውን በራስህ ቃል ንገረን፥ ይበለው። ሰምቶ ዝም ያለ እንደ ተማረ አይቈጠርም። ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደ ተባለ፥ ሽማግሌው በልጅ ፊት መጠየቅን አይፈር፤ አባት ሲጠይቅ ያየ ልጅ እርሱም መጠየቅን ይለምዳል።

ጥያቄ።

፩ኛ፤ በመንደሩ መማር ፈልገው መንገድ የከለከላቸው እነማን ናቸው?

፪ኛ፤ ከእነርሱ ጋራ የሚማር፥ ስልኩንም የሚያውስ ማን ነው?

፫ኛ፤ ከኢንተርኔት የተሰማ ነገር እውነት መሆኑ በምን ይመረመራል?