ፎቶ ለማየት የሚሆን ቴሌቪዥን እንዴት ይመረጣል?

ኳስና ድራማ ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ሁሉ ለፎቶ ይሆናል ማለት አይደለም። ፊልም ላይ የቀለም ጉድለት ዓይን ሳይዘው ያልፋል፤ ፎቶ ግን ቆሞ ስለሚታይ የስክሪኑን ገመና ያወጣዋል። ስለዚህ ሱቁ የሚያሳይዎትን የማስታወቂያ ቪዲዮ ትተው በራስዎ ፎቶ ይፈትኑት።

መጀመሪያ ሳሎንዎን ይለኩ። ባለ 55 ኢንች ስክሪን ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መጠን የፉል ኤችዲ ነጥቦች ከ2 ሜትር ትንሽ አለፍ ሲሉ ለዓይን አይለዩም፤ የፎርኬ ነጥቦች ግን 1 ሜትር ገደማ ቢጠጉም አይታዩም። ሶፋው 2 ሜትር ተኩል ከራቀ ታዲያ ፎርኬ ለምን? ፎቶ ሲታይ ሰው አርፎ ስለማይቀመጥ ነው። «ይቺ የማን ልጅ ናት?» እያለ ተነሥቶ ስክሪኑ ሥር የሚሄድ አይጠፋም። ኤይትኬ ግን ለአብዛኛው ቤት ትርፍ ወጪ ነው፤ 33 ሚሊዮን ነጥብ ሲኖረው የብዙ ስልኮች ፎቶ 12 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ገንዘቡን ስፋት ላይ ያውሉት። በተለይ ስልክዎን አቁመው የሚያነሡ ከሆነ፣ የቆመ ፎቶ የስክሪኑን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ቀጥሎ መፈተኛ ፎቶዎችን በፍላሽ ይያዙ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ተጨምቆ ስለሚደርስ አይሆንም፤ ላኪውን «እንደ ፋይል ላክልኝ» ይበሉት። የአይፎን ፎቶ ኤችኢአይሲ በሚባለው ዓይነት ተቀምጦ ከሆነ ብዙ ቴሌቪዥኖች አይከፍቱትም፤ አስቀድመው ወደ ጄፔግ ይለውጡት። ሦስት ምስል ይበቃል፦ ፀሐይ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው፣ ማታ በአምፖል ብርሃን የተነሣ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት፣ ብዙ ሰው ያለበት የቤተሰብ ፎቶ።

ዋናው ሥራ ሱቅ ውስጥ ነው። ለማሳያ የተሰቀሉ ቴሌቪዥኖች ብርሃንና ቀለማቸው እስከ ጥግ ተከፍቶ ነው የሚቆዩት። ሪሞቱን ተቀብለው የምስል ዓይነቱን «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» ላይ ያድርጉት። ሻጩ «ይሄማ ፈዘዘ» ቢልዎትም አይስሙት። አሁን ነጠላውን ይመልከቱ፦ እጥፋቱ ይለያል ወይስ ሁሉም አንድ ነጭ ሆኗል? ፊቱ ወደ ብርቱካንማ ካደላ፣ ወይም ፀጉሩ ከኋላው ካለው ጨለማ ጋር ከተዋሐደ ሌላ ቴሌቪዥን ያስከፍቱ። የቤተሰቡን ፎቶ ደግሞ ጠጋ ብለው ይዩት። አንዳንድ ቴሌቪዥን ስክሪኑ ፎርኬ ሆኖ ሳለ የፎቶ ማሳያው የሚያወጣው በፉል ኤችዲ ብቻ ነው። ፊቶቹ ከደበዘዙ፣ ያው ፎቶ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከላፕቶፕ ሲመጣ ይጠራ እንደሆነ ያነጻጽሩ።

ከዚያ ወደ ጎን ዞር ይበሉ። የእኛ ሳሎን ሶፋው ግድግዳውን ተከትሎ ስለሚደረደር ግማሹ እንግዳ የሚያየው ከጎን ነው። ቪኤ የሚባለው ፓነል ከፊት ለፊት ጥቁሩ ያምራል፣ ከጎን ግን ይነጣል፤ አይፒኤስ ከጎን ይሻላል፣ በጨለማ ክፍል ግን ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል። ኦሌድ በሁለቱም ጥሩ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል። አንድ ፎቶ ቀኑን ሙሉ እንደ ግድግዳ ፍሬም ሊተዉበት ካሰቡ ግን ኦሌድ አይግዙ፤ ብዙ የቆመ ምስል አሻራው ሊቀርበት ይችላል።

ቴሌቪዥኑ በዘመድ በኩል ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ከመገዛቱ በፊት የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተው እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛን 220 ያለ ትራንስፎርመር አይችልም።

ቤት ሲደርስ ሻርፕነሱን ዝቅ ያድርጉት፤ ከፍ ሲል ጥራት የጨመረ ቢመስልም በፊትና በፀጉር ዙሪያ ነጭ መስመር ያበጃል። ቀለሙን ሞቅ ወዳለው ያምጡት። ፎቶው ጠርዝ ላይ የቆመ ሰው ተቆርጦ ከታየ ደግሞ የምስል መጠን ማስተካከያው ውስጥ ገብተው «ጀስት ስካን» ወይም «ስክሪን ፊት» የሚለውን ይምረጡ።