ርቆ የዘመተ ወታደርና በቤት የቀረች ሚስት
የቤተሰብ ትምህርት፤ ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ስለ ጋብቻ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናስበው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ባልና ሚስት ነው። ይሁን እንጂ ግዴታ ወይም እንጀራ ፍለጋ የለያያቸው ባለትዳሮች በየቁምስናው ይገኛሉ። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ክርስቲያን ቤተሰብ ባወጡት ሐዋርያዊ ማሳሰቢያ (ቁጥር 77) ልዩ እረኝነት ከሚያስፈልጋቸው ቤተሰቦች መካከል የስደተኞችንና የወታደሮችን ቤተሰቦች ጠቅሰዋል። ለዚህ ትምህርት ምሳሌ የምናደርገው ወደ ኮርያ የዘመተውን የኢትዮጵያ ወታደር ነው።

1. የዘማቹ የዕለት ኑሮ

በልዑል ራስ መኰንን ፈረስ ስም የተሰየመው የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተሳፍሮ ሦስት ሳምንት ያህል በባሕር ከተጓዘ በኋላ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ተኩስ እስኪቆም ድረስ ሻለቃዎቹ እየተተካኩ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጉ። ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጡ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ።

ስለ ጀግንነታቸው ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ዕለት ኑሯቸው የተነገረው ግን ጥቂት ነው። ጦርነቱ በተራሮች ላይ ረግቶ በቆመበት ጊዜ ወታደሩ የሚኖረው በምሽግ ውስጥ ነበር። ቀን መሣሪያውን ይወለውላል፣ ምሽጉን ያጠናክራል፣ የእግሩን ሹራብ ያደርቃል፣ በቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ይበላል። ሌሊት ለቅኝት ይወጣል። በረዶ አይቶ የማያውቅ ሰው ውኃ በሚያረጋ ብርድ ቆሞ ይጠብቃል። በወታደር ሕይወት ከውጊያው ይልቅ የሚረዝመው ጥበቃው ነው፤ ሐሳብም ወደ ቤት የሚሄደው በዚያ ሰዓት ነው። በኮርያ ፀሐይ ስትጠልቅ በኢትዮጵያ ገና ቀትር ነው፤ እርሱ ለሌሊቱ ሲዘጋጅ ሚስቱ በቀኑ ሥራ መካከል ነበረች።

የሚያገናኛቸው ደብዳቤ ነበር። ፊደል ያልቆጠረች ሚስት ግን የባሏን ቃል የምትሰማው በሌላ ሰው አፍ፣ የምትመልሰውም በሌላ ሰው እጅ ነው። በጎረቤት ፊት ለሚነበብ ደብዳቤ ናፍቆትን ማን ደፍሮ ይጽፋል? ስለዚህ ወረቀቱ በሰላምታ ይሞላል፤ ዋናው ነገር ሳይጻፍ ይቀራል። ዝምታቸው የፍቅር ማነስ ምልክት አልነበረም።

2. የቅዱስ መጽሐፍ ትምህርት

የሙሴ ሕግ አዲስ ሙሽራ ለአንድ ዓመት ወደ ጦርነት እንዳይሄድ፣ በቤቱ ኖሮ ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ ያዝዛል (ዘዳ. 24፥5)። የአገር ጉዳይ እንኳ ለጋብቻ ጊዜ መስጠት እንዳለበት ከዚህ እንረዳለን። ቅዱስ ጳውሎስም ባልና ሚስት የሚለያዩት በስምምነትና ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ይመክራል (1ቆሮ. 7፥5)። ሐዋርያው በዚህ ቦታ የሚናገረው ለጸሎት ስለ መለየት ቢሆንም፣ ሁለቱ መመዘኛዎች ለማንኛውም መለያየት ይጠቅማሉ።

የኦርዮ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል (2ሳሙ. 11)። ኦርዮ ከጦር ግንባር ተጠርቶ ሲመጣ ባልንጀሮቹ በሜዳ ሰፍረው ሳሉ ወደ ቤቱ ገብቶ ማረፍን እምቢ አለ። ቤቱን ያፈረሰው የጠላት ሰይፍ አልነበረም፤ በከተማ የቀረው የገዛ ንጉሡ ነበር። ስለሆነም ሚስቲቱ ታማኝ እንድትሆን ከመስበካችን በፊት፣ በዙሪያዋ ያለን ሰዎች፣ ጎረቤቱም ዘመዱም አለቃውም፣ ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

3. ለዛሬው ኑሯችን

ከኮርያ በኋላም ወታደሮቻችን በ1950ዎቹ ወደ ኮንጎ፣ በ1986 ዓ.ም. ወደ ሩዋንዳ ሄደዋል። ዛሬ ደግሞ ሚስት ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ባል ከልጆች ጋር የሚቀርበት ቤት ብዙ ነው። ለሁሉም የሚከተለውን እንመክራለን፦

ሀ) መለያየቱ መጨረሻ ይኑረው። የቃኘው ዘማች ተተኪው ሲመጣ እንደሚመለስ ያውቅ ነበር። ውሉን ያለ ምክክር ማራዘም ግን ጋብቻውን ይጎዳል።

ለ) ትንሹን ነገር ተነጋገሩ። ዛሬ ስልክ አለ፤ ንግግሩ ግን «ገንዘቡ ደረሰ ወይ» በሚለው ብቻ ካበቃ፣ ከተዘጋው ደብዳቤ አይሻልም። የልጁ ጥርስ መነቀሉ፣ የጣሪያው ማፍሰስ፣ የቀኑ ድካም ይነገር።

ሐ) ለመመለሻው ተዘጋጁ። የቀረው ቤቱን ብቻውን ማስተዳደር ለምዷል፤ ልጅም አባቱን ወይም እናቱን እንደ እንግዳ ሊያይ ይችላል። የተመለሰው አዛዥ ሆኖ ሳይሆን ተማሪ ሆኖ ይግባ።

መ) ቁምስናው ብቻዋን የቀረችውን ሚስት፣ ብቻውን የቀረውንም ባል ይጎብኝ፤ ሐሜትንም ያስቁም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የትዳር ጓደኛቸው በሩቅ ያለ ስንት ቤተሰቦች አሉ? መጨረሻ የጎበኘናቸው መቼ ነው?
2. በኦርዮ ታሪክ ውስጥ ዝም ብለው የተመለከቱ ሰዎች ድርሻ ምን ነበር? የእኛስ?
3. ባልና ሚስት ከመለያየታቸው በፊት በምን በምን ጉዳይ ሊስማሙ ይገባል?