ተረከዝዎን ሲያምዎ መርፌ ከመወጋትዎ በፊት

ለሱብሒ ሶላት ከመኝታዎ ተነስተው መሬት ሲረግጡ ተረከዝዎን እንደ እሾህ ይወጋዎታል? ጥቂት ሲራመዱ ቀለል ብሎዎት፣ ተቀምጠው ሲነሱ ይመለሳል? በመካነ ሰላምና በአካባቢው ደጋ ዳገት ቁልቁለቱን በኮንጎ ጫማ ወይም በባዶ እግሩ ተጉዞ ገበያ የሚውል ሰው ለዚህ ሕመም እንግዳ አይደለም። ብዙዎቻችን ታዲያ ጤና ጣቢያ እንደደረስን «መርፌ ይወጋልኝ» እንላለን። መርፌው ግን ምን ያህል ይጠቅማል?

ሕመሙ ምንድን ነው?

ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ። ብዙ መቆም፣ ሸክም፣ የክብደት መጨመርና ደረቅ ጫማ ጅማቱን ተረከዝ ላይ በተያያዘበት ቦታ ይጎዱታል። አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ያለ መርፌ ይሻለዋል።

የመርፌ ዓይነቶች

1. የኮርቲዞን መርፌ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ በ82 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ መርፌው በ4ኛው ሳምንት ሕመሙን ቀንሷል፤ በ8ኛውና በ12ኛው ሳምንት ግን የጨው ውኃ ከተወጉት የተሻለ ውጤት አልታየም። ሲደጋገም ጅማቱ ሊበጠስ፣ ተረከዝን እንደ ትራስ የሚደግፈው ስብም ሊሳሳ ይችላል። ስኳር በሽታ ካለብዎ ለተወሰኑ ቀናት የደምዎን ስኳር ከፍ ስለሚያደርገው ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ።

2. ደረቅ መርፌ፦ መድኃኒት የለበትም። ሠልጣኝ ባለሙያ በባትና በውስጥ እግር የተቋጠሩ ጡንቻዎችን በቀጭን መርፌ ይወጋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በ84 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ሕመሙን በመጠኑ ቀንሷል፤ ሲወጋ ግን ያማል።

3. የራስ ደም፦ ከሕመምተኛው የተቀዳ ደም በመሣሪያ ተሽከርክሮ የተለየው ክፍል ተረከዙ ላይ ይወጋል። ዋጋው ውድ ነው፤ የጥናቶቹም ውጤት አንድ ዓይነት አይደለም።

በቅድሚያ ምን ያድርጉ?

ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ የሚያምዎትን እግር ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡ። በሶላት ስንቀመጥ የቀኝ እግር ጣቶች እንደሚታጠፉት፣ ጣቶችዎን በእጅዎ ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ። እስከ 10 ቆጥረው ይልቀቁ፤ 10 ጊዜ ይደጋግሙ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለብዙ ሳምንታት ሳይሰለቹ ይሥሩት። ተረከዙ ለስለስ ያለ ጫማ ያድርጉ፤ ቤት ውስጥም በባዶ እግር አይሂዱ።

ይጠንቀቁ!

በመንደር ሰው እጅ ፈጽሞ አይወጉ፤ ንጹሕ ያልሆነ መርፌ ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታን ያስተላልፋል። በጤና ተቋምም ቢሆን መርፌው ፊትዎ ከእሽጉ ይከፈት። እግርዎ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ካለዎ ወይም ሌሊት ካላስተኛዎ ሳይዘገዩ ወደ መካነ ሰላም ሆስፒታል ይሂዱ። ስኳር ያለብዎ ደግሞ ውዱእ ባደረጉ ቁጥር ውስጥ እግርዎን ይመልከቱ፤ የማያምም ቁስል ከሚያምመው ይከፋልና።

አላህ ጤናውን ይስጥዎ።