ስለ ተደራጊ ግሥ በእንግሊዝኛ ቋንቋ



ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንሱም የሒሳቡም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በ12ኛ ክፍል የምንፈተነውም በዚሁ ቋንቋ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘውና ብዙ ጓደኞቼን ሲያደናግር የማየው፣ በእንግሊዝኛ ፓሲቭ ቮይስ፣ በእኛ ሰዋስው ተደራጊ የሚባለው ግሥ ነው። ስለዚህ አማርኛችንን መነሻ አድርጌ ጥቂት ልጽፍበት አሰብሁ። ወላጆቻችንም እንዲያነቡት የእንግሊዝኛውን ቃል ሁሉ በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ።

1ኛ፤ ተደራጊ ምንድን ነው?

የሰዋስው መምህራን ግሥን በአምስት አዕማድ ይከፍሉታል፤ እነርሱም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ፣ ተደራራጊና አደራራጊ ናቸው። ለዛሬው ትምህርታችን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቁናል። «ገበሬው ሽንኩርት አመረተ» ስንል ገበሬው አድራጊ ነው። «ሽንኩርት ተመረተ» ስንል ግን ገበሬው ወደ ኋላ ይቀርና የተመረተው ነገር የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል።

አማርኛ ይህን ሁሉ የሚሠራው በአንዲት «ተ» ነው፤ ሰበረ፣ ተሰበረ። ይህች «ተ» በትንቢት ጊዜ ትሰወርና ቀጥሎ ያለውን ፊደል ታጠብቃለች። «ይሰብራል» ሲባል «ሰ» ይላላል፤ «ይሰበራል» ሲባል ግን ይጠብቃል። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ፊደል የለውም። እርሱ የሚፈልገው ረዳት ግሥና የዋናውን ግሥ ሦስተኛ መልክ ነው።

2ኛ፤ አሠራሩ

«አመረተ» ለማለት የምንጠቀምበት የእንግሊዝኛ ግሥ ሦስት መልክ አለው፤ ግሮው፣ ግሪው፣ ግሮውን። በተደራጊ ጊዜ ሦስተኛው መልክ፣ ማለት ግሮውን፣ ከቶ አይለወጥም። ጊዜውን የሚናገረው ረዳቱ ነው። ለምሳሌ፤

ኦኒየንስ አር ግሮውን፤ ሽንኩርት ዘወትር ይመረታል።
ኦኒየንስ ዌር ግሮውን፤ ሽንኩርት ተመረተ።
ኦኒየንስ አር ቢይንግ ግሮውን፤ ሽንኩርት እየተመረተ ነው።
ኦኒየንስ ሃቭ ቢን ግሮውን፤ ሽንኩርት ተመርቷል።
ኦኒየንስ ዊል ቢ ግሮውን፤ ሽንኩርት ወደ ፊት ይመረታል።

ረዳቱን መጣል ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። «ዘ ጎት ሃዝ ኢተን» ማለት ፍየሏ በልታለች ማለት ነው። «ዘ ጎት ሃዝ ቢን ኢተን» ማለት ግን ፍየሏ ተበልታለች ማለት ነው። በቆላው በይፋት ፍየል የሚያረባ ሰው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በሚገባ ያውቀዋል! ልዩነቱም ያለው «ቢን» በምትባለው አንዲት ቃል ላይ ነው።

3ኛ፤ አማርኛችን የሚያሳስትበት ስፍራ

ሀ/ «ተወለድሁ» በአማርኛ አንድ ቃል ስለ ሆነ፣ ብዙ ተማሪ «አይ ቦርን ኢን ሸዋ ሮቢት» ብሎ ይጽፋል። ትክክለኛው «አይ ዋዝ ቦርን ኢን ሸዋ ሮቢት» ነው።

ለ/ በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። ተቀመጠ፣ ተማረ፣ ተራመደ ብንል ሥራውን የሚሠራው ራሱ ባለቤቱ ነው። ስለዚህ «ተቀመጥሁ» ለማለት «አይ ሳት» እንላለን። እንደዚሁም «አደጋ ተፈጠረ» የሚለውን «አን አክሲደንት ዋዝ ሃፐንድ» ብሎ መተርጐም ስሕተት ነው። ሃፐንድ ተሳቢ የማይቀበል ግሥ በመሆኑ ተደራጊ የለውምና «አን አክሲደንት ሃፐንድ» ማለት ይበቃል።

ሐ/ የእኛ «በ» ብዙ ሥራ አለባት። «ጤፉ በገበሬው፣ በማጭድ፣ በሸዋ ሮቢት ታጨደ» የሚለውን ተመልከቱ። እንግሊዝኛ ሦስቱን «በ» በሦስት ቃል ይለያቸዋል። ለአድራጊው ባይ፣ ለመሣሪያው ዊዝ፣ ለስፍራው ኢን ይላል። ስለዚህ «ዘ ቴፍ ዋዝ ከት ባይ ዘ ፋርመር ዊዝ ኤ ሲክል ኢን ሸዋ ሮቢት» ይሆናል። «ባይ ኤ ሲክል» ብንል ማጭዱን ገበሬ አደረግነው ማለት ነው።

4ኛ፤ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይጐዳል?

በሳይንስ ትምህርት «ውሃው ይሞቃል፤ ከዚያም ይመዘናል» ሲባል የሚፈለገው ሥራው እንጂ ሠሪው አይደለም፤ ማንም ሰው ቢሠራው ውጤቱ አንድ መሆን አለበትና። በዚህ ስፍራ ተደራጊው እጅግ ይጠቅማል።

ነገር ግን ተደራጊ ግሥ ሠሪውን ለመሰወርም ይመቻል። ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ከደብረ ሲና በላይ በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያልፋል። «ዋሻው በጣልያን ወረራ ዘመን ተሠራ» ብንል ሰዋስው አልተበላሸም፤ ነገሩም እውነት ነው። ሆኖም ያንን ድንጋይ በእጃቸው የቈፈሩት ሰዎች በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የሉም። የሚያነብ ሁሉ «በማን?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

በዚሁ አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን ሄዶ ደሴን ያለፈ ደግሞ ውጫሌን ያገኛል። «ዘ ትሪቲ ዋዝ ሳይንድ» ማለት ውሉ ተፈረመ ማለት ነው። በማን? በምኒልክና በአንቶኔሊ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ. ም.። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ግሥ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መንግሥት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ የጣልያንኛው ግሥ ግን ተስማምተዋል በማለቱ የሮማ መንግሥት እንደ ግዴታ ቈጠረው። ከዚህም የተነሣው ጠብ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. እስከ ዐድዋ ጦርነት አደረሰ። እንግዲህ ግሥን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ማሻገር የፈተና ነጥብ ብቻ እንዳይደለ አስተውሉ።

በቤታችንም ነገሩ ያው ነው። ልጅ «ብርጭቆው ተሰበረ» ሲል እናት ወዲያው «ማን ሰበረው?» ትላለች። እናቶቻችን እንግሊዝኛ ባይማሩም የተደራጊን ጠባይ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ተደራጊውን በሚገባ እንወቀው። ሠሪው በማያስፈልግበት እንጠቀምበት፤ ምስጋና ወይም ኀላፊነት ባለበት ስፍራ ግን አድራጊውን በስሙ እንጥራው።

መልመጃ፤ የሚከተሉትን በእንግሊዝኛ ተደራጊ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አሳዩ።

1/ ማሾ በይፋት ቆላ ይመረታል።
2/ መጽሐፎቹ በተማሪዎቹ ተመልሰዋል።
3/ ገመዱ በቢላዋ ተቈረጠ።
4/ ፈተናው ነገ ይታረማል።