ከድሮ ማመልከቻ ወደ ዘንድሮ በረት

ወሎ ውስጥ፣ ሲሪንቃ ዙሪያ፣ ጅብ በረት ሰብሮ ባደረ ማግስት ሁለት ነገር ይደረጋል። ጎረቤት ተጠራርቶ ዱካ ይከተላል፤ ባለቤቱ ደግሞ ማመልከቻ አጽፎ ወደ ቀበሌ ይሄዳል። ዱካውን ረፋድ ላይ የከብት ኮቴ ያጠፋዋል። ማመልከቻው ማኅተም ተመትቶበት ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉ ወረቀቶችን ሰብስቦ፣ አጣርቶና አንብቦ የሚቀጥለውን ዓመት በረት ማጠናከር ለሚፈልግ ሰው ነው፦ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ለቅሬ (ለእድር) ዳኛ፣ ወይም ደብተርና ስልክ ላለው የገበሬ ልጅ።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጥያቄው ይስተካከል። መዝገብ ስንከፍት ልባችን የሚሄደው ወደ አውሬው ነው፦ ስንት ነበር፣ ምን ያህላል፣ ከየት መጣ። ይህን ማወቅ አይከፋም፤ ግን ጅብ በእኛ ትእዛዝ አያድርም። በእጃችን ያለው አጥሩ፣ በሩ፣ እረኛውና ውሻው ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወረቀት መውጣት ያለበት የት፣ መቼ፣ በየትኛው ቀዳዳ የሚለው ነው።

ወረቀቱ የት ይገኛል?

መጀመሪያ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግቡ። ማመልከቻዎቹ ለብቻ ስለማይቀመጡ ከመሬት ክርክርና ከእርዳታ ጥያቄ ጋር የተቀላቀለውን ፋይል ቅጠል በቅጠል መግለጥ ግድ ነው። ቀጥሎ መርሳ ወደሚገኘው የሀብሩ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሂዱና የክሊኒኩን የሕክምና መዝገብ ጠይቁ። እዚያ የምታገኙት ማመልከቻው የማይነግራችሁን ነው፦ ተነክሶ የተረፈውን። ታፋው የተቦጨቀ አህያ ወይም ጡቷ የተነከሰች ላም ስላልሞተች ቀበሌ አትመዘገብም፤ ግን ጅቡ የገባበት በረት ያው ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ የማኅበራዊ ፍርድ ቤት መዝገብና የሽማግሌ የእርቅ ውል ነው። ከብቱን በርቢ፣ ማለትም የሚወለደውን ሊካፈል፣ ለሌላ የሰጠ ሰው «አውሬ በላው» ተብሎ ሲነገረው ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ማስረጃ ይጠይቃል። ተረካቢው ደግሞ ዕዳ እንዳይመጣበት የተገኘውን ቆዳ፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ያየውን ሰው አንድ በአንድ ያስመዘግባል። በነጻ የሚጻፍ ማመልከቻ እንዲህ ዝርዝር አይኖረውም። የቅሬው ቃለ ጉባኤም ይታይ፤ ሌሊት ጥበቃ የወጣበት፣ ወይም ለተጎዳ አባል መዋጮ የተሰበሰበበት ቀን ይገኝበታል።

ሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአገሬው ፍየል ጋር ቦር የተባለውን የደቡብ አፍሪካ ዝርያ ሲያዳቅል የቆየ ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ያለ መንጋ መዝገብ አይሠራም፦ የግልገሉ ቁጥር፣ የእናቱ ቁጥር፣ የተወለደበት ቀን፣ ክብደቱ፣ ከሞተም የሞተበት ቀንና ምክንያቱ። ቁጥሩን ባታገኙ እንኳ ቅጹን ማየት ይጠቅማል፤ ለእናንተ ደብተር ጥሩ መነሻ ነው። በአንጻሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ የእንስሳት ናሙና ጥናት ለዚህ ጉዳይ ብዙ አይረዳም፤ የሞተውን «በበሽታ» እና «በሌላ ምክንያት» ብሎ ስለሚከፍለው ጅቡም ገደሉም ጎርፉም አንድ ላይ ይደመራሉ።

ባዶ ዓመት ስታገኙ አትቸኩሉ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ብዙ ቢሮ ተዘርፏል፣ ምርምር ማዕከሉም ከጉዳት አላመለጠም። የዚያ ዓመት ገጽ ባዶ የሆነው ጅብ ስላልመጣ አይደለም፤ የሚጽፍ ስላልነበረና የተጻፈውም ስለጠፋ ነው። በሠንጠረዡ ላይ እንዲህ ያለውን ዓመት ዜሮ አታድርጉት፤ ሰረዝ ጎትቱበት።

ቀኑን ማስታወስ

የጎደለውን የሚሞሉት አዛውንቶች ናቸው። «በየትኛው ዓመት?» ብሎ መጠየቅ ግን ከንቱ ነው። ዓመቱን ሁሉም በሚያውቀው ነገር አስሩት፦ ከ66ቱ ረሃብ በፊት ነው በኋላ? ከ77ቱስ? ደርግ ሳይወድቅ? የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ2007 ሲጀመር በሬው ነበር? አንበጣው በመጣበት በ2013 መኸር ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ?

ወርና ቀን ለማውጣት ደግሞ ወሎ የተመቸ አገር ነው። ክርስቲያኑ «የሚካኤል ዕለት ማታ» ሲላችሁ 12 ነው፤ «ለማርያም ዋዜማ» ካለ 20። ሙስሊሙ በሂጅራ ወር ከነገራችሁ የበለጠ ሰጣችሁ፤ ወሩ በጨረቃ ስለሚቆጠር ከቀኑ ጋር የሌሊቱን ብርሃን ታገኛላችሁ። በረመዳን 3 የተበላች ፍየል ገና በምሽቱ በጨለመ ሌሊት፣ በ15 የተበላች በሙሉ ጨረቃ ናት። ይህን ለብቻው በአንድ ዓምድ ጻፉት።

የምርምር ጽሑፍ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የቀበሌው በእኛ ስለሆነ ከመቀላቀላችሁ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ አምጡ። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት የሳተ ሠንጠረዥ ድርቅ ያልነበረበትን ዓመት ድርቅ ያደርገዋል።

እውነት አውሬ ነው?

«ጅብ በላው» የተባለ ሁሉ ጅብ አልበላውም። እንቅልፍ የጣለው እረኛ የጠፋችበትን ግልገል ለቀበሮ ያስረክባል፤ ሌባ የነዳውም ለጅብ ይሰጣል። እርዳታ ሊመጣ ነው በተባለበት ወር የተጻፈ ማመልከቻ ቁጥሩ ይጎላል፤ ግብር የፈራ ሰው ደግሞ የከብቱን ብዛት ያሳንሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክስተት ደረጃ ስጡት። አውሬው በዓይን የታየበት ወይም ሬሳው በባለሙያ የተመረመረበት «ሀ» ይሁን፤ ዱካ፣ ደም ወይም ቆዳ የተገኘበት «ለ»፤ ከወሬ ሌላ ምንም የሌለበት «ሐ»። ስትደምሩ ሐን ለብቻ ደምሩ። አትጣሉት፤ ነገር ግን ውሳኔ አታቁሙበት።

ከአሁን ወዲያ የሚመጣውን ለመመዝገብ ሬሳ ማንበብ መቻል ያስፈልጋል። ቢላ ይዛችሁ ቆዳውን በንክሻው ዙሪያ ግፈፉ። ከቆዳው ሥር ደም ቋጥሮ ሥጋው ከጠቆረ እንስሳው የተነከሰው በሕይወት ሳለ ነው። ንክሻው ንጹሕ ሆኖ ከሥሩ ደም ከሌለ በበሽታ ወይም በሌላ ነገር ሞቶ ኋላ የተበላ ነው፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ወደ ክሊኒክ መሄድ አለበት። ጅብ ከኋላ፣ ከታፋና ከጡት በኩል ይጀምራል፤ አጥንት ስለሚሰባብር የሚተርፈው ጥቂት ነው፣ አካባቢውም ላይ ሲደርቅ የሚነጣ ኩስ ይገኛል። ነብር ጉሮሮ ላይ ጠባብና ጥልቅ የጥርስ ቀዳዳ ይተዋል፤ ጎትቶ ቁጥቋጦ ሥር ይደብቃል ወይም ዛፍ ላይ ይሰቅላል። ዱካ ላይ የጅብ ጥፍር ይታያል፤ የነብር አይታይም። ቀን ላይ ሆዷ የተዘረገፈ ግልገል ካገኛችሁ ዝንጀሮንም ጠርጥሩ። «ቀበሮ» ብሎ መዝጋትም አይበቃም፦ ቀለሙ ምን ነበር፣ ለብቻው ነው በቡድን፣ ከየትኛው ከፍታ ላይ? ከሀብሩ በላይ ወዳለው ደጋ፣ ወደ አቡነ ዮሴፍ በኩል ያለው ቀይ ቀበሮ ኑሮው በአይጥና በፍልፈል ነው፤ በመላው አገሪቱ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። በተራው ቀበሮ ጥፋት እሱ ዋጋ እንዳይከፍል ጽሑፉ ይለየው።

ደብተሩ

ዓምዶቹ ብዙ አይሁኑ፤ አሥር ከበዛ ማንም አይሞላውም። ቀን፣ የጨረቃ ሁኔታ፣ ጎጥ፣ የእንስሳው ዓይነትና ዕድሜ፣ በረት ውስጥ ወይስ ውጭ፣ አጥሩ ከምን እንደተሠራ፣ የገባበት ቀዳዳ፣ ሰውና ውሻ የት እንዳደሩ፣ ደረጃው። አንድ መስመር እንዲህ ሊነበብ ይችላል፦ «ኅዳር 12፣ ጨለማ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጥ፣ አህያ 1፣ ከበረት ውጭ ታስራ፣ ውሻ የለም፣ ለ»። የብር ግምት አታስገቡ፤ የ1980ው ፍየል ዋጋ ከዘንድሮው ጋር አይነጻጸርም። የእንስሳውን ቁጥር ያዙ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ደግሞ ይህ ነው፦ ያልተነኩትንም መዝግቡ። በአንድ ሌሊት አንድ በረት ከተሰበረ፣ በዚያው ጎጥ በዚያች ሌሊት በሰላም ያደሩ ሁለት ጎረቤቶችን መርጣችሁ ያንኑ ጥያቄ ጠይቁ፦ አጥራችሁ ከምንድን ነው፣ በር ስንት ነው፣ ውሻ አለ? የተበላውን ብቻ ከጻፍን የእሾህ አጥር ይበላል እንላለን፤ ለካ የጎጡ አጥር ሁሉ እሾህ ኖሯል። በኬንያ ላይኪፒያ ሮዚ ዉድሮፍና ባልደረቦቿ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያሳተሙት ጥናት የተሠራው በዚህ ንጽጽር ነው። ሌሊት በሰላም ያደሩት ጥቅጥቅ ያለ ግድግዳ፣ ጥቂት በር፣ ሰውም ውሻም ያሉባቸው በረቶች ነበሩ። ቀን ላይ ደግሞ በሰውና በውሻ የሚጠበቅ፣ ገላጣ ቦታ ላይ የሚሰማራ ትንሽ መንጋ ተረፈ። ያልተጠበቀው ውጤት የማስፈራሪያው ነው፦ ማስፈራሪያ የቆመባቸው በረቶች ለጥቃት የበለጠ ተጋልጠው ተገኙ። እኛም አገር ዱላ ላይ ጨርቅ ሰቅሎ የሚተኛ አይጠፋም።

ወራቱን ማንበብ

መስመሮቹ ሲጠራቀሙ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አሥራ ሦስቱን ወራት አስምሩና ለእያንዳንዱ ክስተት ነጥብ ጣሉ። ከዚያ ነጥቦቹ ላይ የአካባቢውን ኑሮ ደርቡበት፦ ማሽላው ሰው የሚደብቅበት ወቅት፣ አጨዳ አልቆ ከብት ልቅ የሚሰማራበት፣ ፍየል የሚወልድበት፣ የበልግ እርሻ፣ ከግጦሽ የተከለለው ተራራ በቁጥቋጦ የሚጠቀጠቅበት ጊዜ። ጥቃቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል የሚበተን ከመሰላችሁ ብዙ ጊዜ አይደለም፤ ጥቂት ሳምንታትና ጥቂት በረቶች ጎልተው ይወጣሉ።

ጾምን አትርሱ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ በትግራይ የጅብ ኩስ ውስጥ ያለውን ጠጉር ለይተው በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ የአህያ ጠጉር ድርሻ ከዐቢይ ጾም በፊት ከመቶ 14.8 ነበር፤ በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ 22.2 ወረደ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሁለት ወር ያህል እርድ ሲቀር ከየቤቱና ከየሥጋ ቤቱ የሚጣለው ይቀራል፤ ጅቡም ወደ አህያ ይዞራል። ይህን እንዳለ ወደ ሀብሩ መገልበጥ ግን ስህተት ይሆናል። ሙስሊሙ በበዛበት ጎጥ በጾሙም ወቅት እርድ አይቋረጥም፤ ጥያቄው ምናልባት ከአረፋ እርድ በኋላ ባሉት ሳምንታት ላይ ይሆናል። የጾሙንም የአረፋንም ቀን በነጥቦቹ ላይ አስምሩና የራሳችሁ መዝገብ ይናገር። ዐቢይ ጾም በየዓመቱ ስለሚዘዋወር የድሮውን ቀን ከባሕረ ሐሳብ አውጡ፤ የአካባቢው ካህን በደቂቃ ያሰላዋል።

ወደ ሥራ

ከንባቡ አንድ ለውጥ ብቻ ምረጡ። አምስት ነገር በአንድ ጊዜ ከተቀየረ የቱ እንደሠራ አይታወቅም። ነጥቦቹ ውጭ የታሰሩ አህዮች ላይ ከበዙ አህያን ማስገባት ነው፤ ወጪ የለውም። በአጥር ሥር ጭሮ መግባት ከሆነ ከሥሩ ድንጋይ ይደርደር። ግልገል በነብር የሚያልቅ ከሆነ አጥር ማስረዘም ዋጋ የለውም፤ ነብር ይዘላል፣ ጠባብ ጋጣ ውስጥ ከገባም ከሚበላው በላይ ሊገድል ይችላል፤ ጣሪያ ያለው ጉረኖ ያስፈልጋል። ጥቃቱ ሬሳ በሚጣልበት ገደል ዙሪያ ከተሰበሰበ ሬሳውን አርቆና አጥልቆ መቅበር የቅሬው ሥራ ይሁን። ውሻ የሚጨመር ከሆነ የእብድ ውሻ ክትባት አብሮ ይሁን።

መርዝ አይነካ። ሥጋ ላይ የተነሰነሰ መርዝ የበላው ጅብ ብቻ አይሞትም፤ የጎረቤት ውሻና ሬሳ የሚያጸዳው ጥንብ አንሣ አብረው ያልቃሉ። የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መግደልም በሕግ ያስጠይቃል። ሰው ላይ የሚደፍር አውሬ ካለ ወረዳው በኩል ይጠየቅ፤ ደረጃ «ሀ» የሆኑ መስመሮች ያሉት ደብተር ያን ጊዜ ከመቶ ፊርማ ይበልጣል።

ለውጡ የተደረገባቸውን በረቶችና ያልተደረገባቸውን ለይታችሁ በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ሳምንታት ብቻ አወዳድሩ። ከመስከረም ጋር ኅዳርን ማወዳደር ራስን ማታለል ነው። ውጤቱ በአንድ ዓመት ካልታየ ሌላ ዓመት ጠብቁ፤ ጥቂት ክስተት ባለበት ጎጥ የአንድ ዓመት ጸጥታ በአጋጣሚም ይመጣል።

ደብተሩ ራሱ ሦስት ቦታ ይቀመጥ፦ አንዱ ቀበሌ፣ አንዱ በቅሬው ዳኛ ቤት፣ የየገጹ ፎቶ ደግሞ ከሲሪንቃ ውጭ በሚኖር ዘመድ ስልክ ላይ። ፎቶው በየወሩ መጨረሻ ይላክ፤ የሚልከው ሰው ስምም በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ።